የማደያ ታንከር መለኪያ (ኤቲጂ) ሴቲንግ አሞላል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከማደያ ባለቤቶች፣ ከሥራ አስኪያጆችና ከጀማሪ ቴክኒሻኖች በስልክ የሚመጡልኝ ናቸው። አብዛኞቹ የሚጀምሩት ወይ «ማሽኑ ይዋሻል» ወይ «ልጆቹ እየሰረቁኝ ነው» በሚል ነው። ከሁለቱም በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፤ ኮንሶሉ (ልኬቱን ተቀብሎ ወደ ሊትር ቀይሮ የሚያሳየው ሣጥን) ውስጥ ያለውን ቁጥር ያስገባው ማን ነው? በምን ለክቶ? ነገሩ እንዳይምታታ ከላይ እስከ ታች አንድ ታንከር ይዘን እንሄዳለን፦ መሬት ውስጥ የተጋደመ ሲሊንደር፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 2.5 ሜትር፣ አቅሙ 50,000 ሊትር።

ኤቲጂ የሚለካው ሊትር ነው?

አይደለም። የሚለካው ከፍታና ሙቀት ብቻ ነው። ፕሮብ የሚባለው ረጅም ዘንግ ከማንሆሉ (ከታንከሩ አናት ካለው መክፈቻ) ገብቶ እስከ ታንከሩ ወለል ይወርዳል። በዘንጉ ላይ ማግኔት ያላቸው ሁለት ፍሎቶች ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አንዱ የነዳጁ ፊት ላይ ይንሳፈፋል፣ ሌላው ከሥር ነዳጅና ውሃ የሚገናኙበት ላይ ይቆማል። በዘንጉ ውስጥ ባለው ሽቦ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይላካል፤ ምቱ ማግኔቱ ጋ ሲደርስ ሽቦው ትንሽ ይጠመዘዛል፣ ጥምዘዛውም እንደ ሞገድ ወደ አናቱ ይመለሳል። ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ፍሎቱ የት እንዳለ ይናገራል። ይህን ሥራ ፕሮቡ በሚገባ ይሠራዋል፤ ከሚሊሜትር በታች ያለውን ለውጥ ሁሉ ያያል። ሚሊሜትሩን ወደ ሊትር የሚቀይረው ግን እርስዎ የሞሉት ሠንጠረዥ ነው። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ኮንሶሉን ከመንካቴ በፊት ምን ልያዝ?

የታንከሩን ቻርት (በየከፍታው ስንት ሊትር እንደሚይዝ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ)፣ የውስጥ ዲያሜትሩን፣ የነዳጁን ዓይነት፣ የፕሮቡን ርዝመትና በአናቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት። ወረቀቱ ላይ ግራዲየንት የሚባል ቁጥር አለ፤ ሞገዱ በዚያ ዘንግ ላይ የሚሄድበትን ፍጥነት የሚገልጽ ነው፣ ለእያንዳንዱ ፕሮብም ይለያያል። አዳዲሶቹ ፕሮቦች ራሳቸው ይናገራሉ፤ የቆዩት ላይ ግን በእጅ ይሞላል። ማንሆሉ ተዘግቶ፣ ሲሚንቶ ተለስኖበት «ያ ወረቀት ምን ይል ነበር?» ብሎ የደወለልኝ ሰው አንድ ብቻ አይደለም። ከመውረዱ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ቻርቱ ጠፍቷል። ዲያሜትርና አቅም ብቻ ብሞላ ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን ምን እየተቀበሉ እንደሆነ ይወቁ። የተጋደመ ሲሊንደር እንደ ቆመ በርሜል እኩል እኩል አይሞላም። በእኛ ታንከር ነዳጁ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ከፍታው አሥር በመቶ ነው፤ ሊትሩ ግን 5,000 ሳይሆን 2,600 ገደማ ነው። ሩብ ከፍታ ላይ፣ ማለትም 62.5 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ያለው 9,800 ገደማ እንጂ 12,500 አይደለም። መሐል ላይ ብቻ ከፍታውና ሊትሩ እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ የታንከር ቅርጽ የሚለው ቦታ ላይ «ሊኒየር» የሚለውን በስህተት የመረጠ ሰው መሐሉ ላይ ልክ ይመስለዋል፣ ታች ሲወርድ በሺዎች ሊትር ይሳሳታል። ሊኒየር ከሆቴልና ከሆስፒታል ጀነሬተር አጠገብ ለሚቆም አራት ማዕዘን ታንከር ነው።

አንድ ነጥብ ብቻ ከሞሉ ኮንሶሉ ታንከሩን ፍጹም ሲሊንደር ነው ብሎ ይገምታል። አራት ነጥብ፣ ማለትም በሙሉ፣ በሦስት አራተኛ፣ በግማሽና በሩብ ከፍታ ላይ ያለው ሊትር ካለዎት ይሻላል። ሃያ ነጥብ ካለዎት በጣም ጥሩ፤ በተለይ ጫፎቹ ሆድ ያወጡ ታንከሮች ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ዲያሜትር ሲለኩ የሚሠሩ ሁለት ስህተቶች አሉ። አንደኛው፣ ገና ያልተቀበረ ታንከር ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ማካፈል ነው፤ ያ የውጭውን ይሰጣል። ላሜራው 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከሁለት ወገን 12 ሚሊ ሜትር ትርፍ ገባ ማለት ነው፤ ድርብ ግድግዳ ላለው ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛው፣ መለኪያ ዘንግ በማንሆል ሰዶ የማንሆሉን አንገት ጨምሮ መለካት ነው። ዲያሜትር የሚባለው ከወለሉ እስከ ታንከሩ የውስጥ ጣሪያ ያለው እንጂ እስከ ክዳኑ ያለው አይደለም።

ኮንሶሉና ዲፕስቲኩ (በእጅ የሚለካበት ዘንግ) አይስማሙም። የትኛውን ልመን?

መጀመሪያ ዲፕስቲኩን ይመርምሩት። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ማደያ ጠራኝ። ባለቤቱ እንደሚሉት ቦቴ በመጣ ቁጥር ሒሳቡ ይገጥማል፤ ታንከሩ እየወረደ ሲሄድ ግን በየዙሩ 120 ሊትር ገደማ ይጎድላል። የሌሊት ተረኛው ልጅ ከደመወዙ ተቆርጦበታል። ከሥራ ሊባረርም አንድ ሐሙስ ነው የቀረው።

ዲፕስቲኩን ሳየው ጫፉ ላይ የነበረው የነሐስ ቆብ የለም፤ እንጨቱም ተበልቷል። በሜትር ስለካው 12 ሚሊ ሜትር አጥሯል። ያጠረ ዘንግ ያን ያህል ይወርድና ነዳጁ የሚነካው ቁጥር ከእውነቱ 12 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ከእኔ በፊት የመጣው ቴክኒሻን ኮንሶሉ «ዝቅ አድርጎ ያነባል» ተብሎ ተነግሮት ከዘንጉ ጋር አስማምቶታል፤ የፕሮብ ኦፍሴት በሚባለው፣ ፕሮቡ ባነበበው ከፍታ ላይ በሚደመረው ቦታ 12 ሚሊ ሜትር ጨምሮ።

አሁን ስሌቱን ይመልከቱ። በእኛ ታንከር መሐል ላይ 1 ሚሊ ሜትር 25 ሊትር ገደማ ነው፤ ታች 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ግን ታንከሩ ስለሚጠብ 15 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ 12 ሚሊ ሜትር መሐል ላይ 300 ሊትር ያህል ትርፍ ታሳያለች፣ ታች ላይ 180 ያህል። ነዳጁ ከመሐል ወደ ታች ሲወርድ ልዩነቱ 120 ሊትር በወረቀት ላይ «ይጠፋል»፤ ቦቴ ሲገለበጥ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ትርፉን ማንም አይጠይቅም፣ ጉድለቱ ነው የሚታየው። ልጁ አንዲት ሊትር አልነካም። የተቆረጠበት ገንዘብ ይመለስለት አይመለስለት አላውቅም፤ እኔ ኦፍሴቱን አስተካክዬ፣ አዲስ ዘንግ ይገዛ ብዬ ሄድኩ።

እንግዲህ አሠራሩ ይህ ነው። ያልተበላ ዘንግ ይያዙ። ሽያጭ ያቁሙ፣ ነዳጁ ይርጋ፣ ሦስት ጊዜ ዲፕ ያድርጉና የሚደጋገመውን ይውሰዱ። ከዚያ ሊትር ከሊትር ሳይሆን ሚሊ ሜትር ከሚሊ ሜትር ያወዳድሩ። ከፍታው ከተስማማ ሊትሩ ካልተስማማ፣ ጥፋቱ የቻርቱ ነው፤ ኦፍሴት መነካካት በሽታውን መሸፈን ነው።

ታንከሩ ያዘመመ ቢሆንስ?

ብዙዎቹ ሆን ተብሎ ትንሽ አዘምመው ይቀበራሉ፣ ውሃው ወደ አንድ ጫፍ እንዲሄድ። 10 ሜትር ርዝመት ላይ አንድ በመቶ ዝንባሌ ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ፕሮቡ ርዝመቱ መካከል ላይ ከቆመ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጫፍ ላይ ከቆመ ግን የዝንባሌ ማረሚያው መሞላት አለበት። ዝንባሌውን ለማወቅ ከሁለት የተራራቁ ማንሆሎች ዲፕ አድርገው ልዩነቱን ይውሰዱ።

ቦቴው 45,000 ሊትር ጭኖ ወጣ፣ ኮንሶሉ ያነሰ አሳየ። የት ገባ?

ይህ ጥያቄ በሁሉም ማደያ ይነሣል፣ ብዙ ጠብም አስነሥቷል። ወደ አገራችን የሚገባው ነዳጅ በብዛት የሚጫነው ጅቡቲ ነው፤ እዚያ ያለውን ሙቀት የሄደ ያውቀዋል። ከዚያ ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ቀዝቃዛው ደጋ ላይ አድሮ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። ነዳጅ ደግሞ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከሺህ 0.8 ያህል፣ ቤንዚን ከሺህ 1.2 ያህል። 45,000 ሊትር ናፍጣ በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 550 ሊትር ያህል ይሰበሰባል። ቤንዚን ከሆነ 800 ሊትር ያህል። ማንም አልሰረቀም፤ ክብደቱ እንዳለ ነው።

ስለዚህ ኮንሶሉ ላይ የነዳጁ የመስፋት መጠን በትክክል መሞላቱን ያረጋግጡ። ቤንዚን የነበረበትን ታንከር ወደ ናፍጣ ቀይረው ስሙን ብቻ ካስተካከሉ፣ ሙቀት ማረሚያው አሁንም በቤንዚን ነው የሚያሰላው። ቀጥሎ የማነጻጸሪያው ሙቀት አለ፤ ኮንሶሉ ሊትሩን ወደዚያ ሙቀት መልሶ ነው የሚያርመው። በሜትሪክ አገሮች ብዙ ጊዜ 15 ዲግሪ ነው፤ አንዳንድ ኮንሶል ግን ከፋብሪካ ሲወጣ በአሜሪካኖቹ 60 ፋራናይት ተሞልቶ ይመጣል፤ ያ 15.6 ዲግሪ ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳም። ዋናው ነገር የመጫኛ ሰነድዎ ላይ የተጻፈው ሙቀት ከኮንሶሉ ጋር አንድ መሆኑ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፓምፑ የሚሸጠው ባለበት ሙቀት ነው። የቀን ሽያጭን ከታንከሩ ጋር ሲያስታርቁ ግሮስን (ባለበት ሙቀት የተለካውን ሊትር) ከግሮስ ያወዳድሩ። ኔት (ወደ ማነጻጸሪያው ሙቀት የታረመው ሊትር) የሚጠቅመው ከላኪው ጋር ሲነጋገሩ ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ወሩን ሙሉ ሲቆጥር ይኖራል።

የርክክብ ሪፖርቱ የሚወጣው ገና ነዳጁ ሳይረጋ ነው። ለምን?

የርክክብ መጠበቂያ ጊዜ የሚባለው አጥሮ ስለተሞላ ነው። ቦቴው ሲገለበጥ የነዳጁ ፊት ይናወጣል፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውም ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ 10 ደቂቃ እሞላለሁ፤ ሁለት ክፍል ለሚገለብጥ ቦቴና በመካከሉ ቱቦ ለሚቀያየርበት ማደያ 15። አጭር ከሆነ አንዱ ርክክብ ለሁለት ተከፍሎ ይታተማል። በግልበጣው ጊዜ ሽያጭ ካልቆመ ደግሞ የተሸጠው ርክክቡ ላይ መደመር አለበት። ፓምፖቹ ከኮንሶሉ ጋር ካልተያያዙ ይህን ማንም አይደምርልዎትም፤ የቀጂዎቹን ቆጣሪ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ይመዝግቡ።

ታንከሬ ውስጥ ውሃ አለ ይላል። በዲፕ ፔስት (ውሃ ሲነካው ቀለሙ በሚቀየር ቅባት) ሳየው የለም።

ናፍጣ ታንከር ውስጥ የቤንዚን የውሃ ፍሎት ተገጥሞ ሊሆን ይችላል። የውሃ ፍሎት ከነዳጁ ከብዶ ከውሃው ቀልሎ እንዲቆም ተመጥኖ የተሠራ ነው። ናፍጣ ከቤንዚን ስለሚከብድ፣ ለቤንዚን የተመጠነው እዚያ ውስጥ በቀላሉ ይነሣና የሌለ ውሃ ያሳያል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ዝቃጭ ያጣበቀው ፍሎት እውነተኛ ውሃ ገብቶ እንኳ አይነሣም። ፕሮቡ ወጥቶ ይጠረግ።

ፍሎቱ ራሱ ቁመት ስላለው ወለሉ ላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ እንደማያይ ይወቁ። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ውሃው ከኢታኖሉ ጋር ተዋሕዶ ከሥር ሲለያይ፣ የተለመደው የውሃ ፍሎት ያን ድብልቅ ሳያየው ሊቀር ይችላል፤ ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ፍሎት አለ። ፔስቱን አይጣሉት፤ ክረምት ላይ በየጠዋቱ ያስፈልጋል፣ በተለይ የማንሆል ክዳናቸው ከመሬት እኩል የሆነ ማደያዎች።

ማንቂያዎቹን በስንት ልሙላቸው?

ከፍተኛውን ማንቂያ በአቅሙ 90 በመቶ፣ የመጨረሻውን ገደብ በ95። 95 በመቶ በእኛ ታንከር 47,500 ሊትር ነው፤ ከፍታው ደግሞ 2 ሜትር ከ26 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከጣሪያው የሚቀረው 24 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። 45,000 ሊትሩን በሙሉ እዚሁ ታንከር ላይ ለመገልበጥ ከፈለጉ ቦቴው ሲደርስ ውስጥ ያለው ከ2,500 ሊትር መብለጥ የለበትም። ሹፌሩ ሲያዋክብ ይህን ማስላት ስለሚያስቸግር ኮንሶሉ ላይ የሚቀረው ቦታ የሚለውን ያንብቡ። እሱም የሚያሰላው በሞሉት ገደብ ነው፤ 100 በመቶ ተብሎ የተሞላ ኮንሶል ነዳጅ መሬት ላይ እንዲፈስ ይፈርዳል።

ዝቅተኛውን ማንቂያ የፓምፑ መሳቢያ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለ አይተው ይሙሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ነዳጅ በወረቀት ላይ እንጂ በሽያጭ ላይ የለም። ቦቴ ታዝዞ እስኪደርስ የሚሸጡትንም ይጨምሩበት። ወረፋ ባለበት ሰሞን ከወትሮው ከፍ ያድርጉት።

ሰዓቱና ቀኑ ለምን ከመዝገቤ ጋር አይገጥምም?

ኮንሶሉ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም፣ ጳጉሜንም አያውቅም። ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው። ተረኛው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፈረቃ ያስረክባል፤ ኮንሶሉ ላይ ያ 06:00 ነው። «ፈረቃ መዝጊያ 12 ሰዓት» ተብሎ ስለተነገረው 12:00 የሞላ ቴክኒሻን አይቻለሁ፤ ሪፖርቱ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ፣ ሽያጩ በደራበት ሰዓት ይታተም ነበር። የሰመር ሰዓት ማስተካከያ የሚለውንም ያጥፉት፤ ካላጠፉት በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓትዎ ይዘላል።

የፍሳሽ ሙከራ ማብራት አለብኝ?

አዎ። በአሜሪካ የታወቀው መለኪያ በሰዓት 0.2 ጋሎን ነው፤ 0.76 ሊትር ገደማ። ትንሽ ይመስላል፤ በ30 ቀን ግን 545 ሊትር መሬት ውስጥ ይገባል፣ አጠገብዎ ያለ ጉድጓድ ውስጥም ሊገባ ይችላል። መሣሪያው ይህን ለማየት ጸጥታ ይፈልጋል፦ ሽያጭ የለም፣ ግልበጣ የለም፣ በቅርቡ የገባ ትኩስ ነዳጅም የለም። 30,000 ሊትር ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 36 ሊትር ስለሚሰበሰብ ያልረጋ ታንከር ሁልጊዜ የሚያፈስ ይመስላል። ሌሊት የሚዘጋ ማደያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያስጀምረው። 24 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ በሽያጭ መካከል ያሉትን ጸጥ ያሉ ደቂቃዎች እየሰበሰበ የሚያሰላው የሙከራ ዓይነት ያስፈልገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሚገዛ ሶፍትዌር ነው።

መብራት ሲጠፋ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ሲመጣም ይዘላል።

ለኮንሶሉ ለብቻው ዩፒኤስ ይግዙ፤ ከጀነሬተሩ ጋር የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ነው የሚገድለው። ቁጥሩ መብራት ሳይጠፋም የሚዘል ከሆነ የፕሮቡ ገመድ ከፓምፑ የኃይል መስመር ጋር በአንድ ቱቦ እንዳልሄደ ይዩ። የፕሮብ ገመድ ለብቻው ቱቦ መሄድ አለበት፤ ይህ ለቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ለሕይወት ነው፣ ታንከሩ ውስጥ የነዳጅ ትነት አለና። ማንሆሉ ውስጥ ያለው መጋጠሚያም ውሃ እንዳይገባው በሙጫ የታሸገ ይሁን፤ በፕላስተር የተጠቀለለ ሐምሌን አያልፍም።

ከቤቴ ሆኜ በስልክ ማየት እፈልጋለሁ። ኢንተርኔት ላይ ልሰካው?

በቀጥታ አይሰኩት። በጃንዋሪ 2015 የደኅንነት ተመራማሪዎች ያለ ምንም የይለፍ ቃል ለኢንተርኔት የተጋለጡ 5,800 ያህል የታንከር መለኪያዎች አግኝተዋል፣ አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ፤ መግቢያቸውም ፖርት 10001 ነበር። እዚያ የገባ ሰው ማየት ብቻ ሳይሆን የማንቂያ ገደብ መቀየርም ይችላል። በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ይግቡ፣ የኮንሶሉንም የይለፍ ቃል ያብሩ።

ማደያዬ አሜሪካ ነው። ምን ይለያል?

ሕጉ። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ኢፒኤ ከመሬት በታች ላሉ ታንከሮች በየ30 ቀኑ የፍሳሽ ክትትል ውጤት ይጠይቃል። ከኦክቶበር 13, 2018 ወዲህ ደግሞ የመከታተያ መሣሪያው ራሱ በየዓመቱ መፈተሽ አለበት። ክፍለ ግዛትዎ የጠበቀ ሕግ ሊኖረው ይችላል። የታተሙትን ወረቀቶች ያስቀምጡ፤ ያ ቀጭን የማተሚያ ወረቀት በሙቀት ስለሚደበዝዝ ፎቶ ያንሱት።

የሴቲንጉን የይለፍ ቃል ማን ይያዝ?

ሒሳብ የሚሠራውም፣ ነዳጅ የሚረከበውም አይያዝ። ሥራው ባለቀ ዕለት ሙሉውን ሴቲንግ ያትሙ፤ ዲያሜትር፣ ነጥቦቹ፣ ኦፍሴት፣ ዝንባሌ፣ የመስፋት መጠን፣ ሁሉንም። ቴክኒሻኑና እርስዎ ፈርማችሁበት አንዱ ኮፒ ካዝና ውስጥ ይግባ። በሚቀጥለው ጊዜ 120 ሊትር ሲጎድል የሌሊት ተረኛውን ከመጥራትዎ በፊት ያንን ወረቀት ያውጡና ከኮንሶሉ ጋር ያመሳክሩት።